የጋራ ፋይበር መስመር ስንዘረጋ በአካባቢ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ከየትኛው ሥራ ላይ እንቀንስ?

ጥያቄ (ከዕቅድ ክፍል)

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የፋይበር ኦፕቲክ መስመር ለመዘርጋት በሚሰናዳ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በዕቅድ ሥራ ላይ ነኝ። ያሰብነው መስመሩን አንድ ጊዜ ዘርግተን፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ማቅረብ የሚፈልግ ድርጅት ሁሉ በእኩል ዋጋና በእኩል ሁኔታ እንዲከራየው ማድረግ ነው። እኛ ራሳችን ለደንበኛ ኢንተርኔት አንሸጥም፤ ድርሻችን ቱቦውን፣ ገመዱንና ማከፋፈያ ካቢኔዎቹን መገንባትና መንከባከብ ይሆናል።

የጨረታ ሰነዱን ማዘጋጀት ከመጀመራችን በፊት አባላቱ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ እስካሁን አጥርቶ የመለሰልን ሰው አላገኘንም። ፋይበር ከመዳብ መስመር ይልቅ ኤሌክትሪክ እንደሚቆጥብ፣ የጋራ መስመርም ከተናጠል መስመር እንደሚሻል ሁላችንም ሰምተናል። ይሁን እንጂ ግንባታው ራሱ መንገድ ይቆርጣል፣ የዛፍ ሥር ይነካል፣ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ብዙ ፕላስቲክም መሬት ውስጥ ይቀብራል። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው የት ላይ እንደሆነ ካላወቅን፣ በሰነዱ ውስጥ «ለአካባቢ ጥበቃ ተገቢው ትኩረት ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፈን ከማለፍ በቀር የምናደርገው ነገር አይኖርም፤ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሥራ ተቋራጩን ለምንም አያስገድደውም።

በተለይ ማወቅ የምፈልገው መጋራቱ በእርግጥ ጉዳቱን የሚቀንሰው በየትኛው ደረጃ ላይ ሲሆን እንደሆነ ነው፤ ቱቦውን ብቻ መጋራት ይበቃል ወይስ ፋይበሩንና መሣሪያውንም መጋራት ያስፈልጋል? ከዚህ ሌላ ጠባብ ቦይ መቁረጥ፣ በምሰሶ ላይ መስቀልና በተለመደው መንገድ መቅበር ከሚሉት አማራጮች መካከል እንዴት እንደሚመረጥ በሥራው ያለፋችሁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ። አቅራቢ ድርጅቶች የላኩልንን የማስተዋወቂያ ጽሑፍ አንብበናል፤ የቸገረን ከሥራው የተነሣ ምክር ማግኘት ነው።

መልስ (ከሲቪል መሐንዲስ)

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በተለይም ጨረታው ከመውጣቱ በፊት መነሣቱ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ሥራ መንገድና የመሬት ውስጥ መስመር ስለሆነ ስለ ቁፋሮው ብቻ ልናገር፤ የመሣሪያዎቹን ጉዳይ ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

አዲስ የፋይበር መስመር ሲገነባ ገንዘቡም፣ ነዳጁም፣ ትርፍራፊውም በአብዛኛው የሚመጣው ከሲቪል ሥራው፣ ማለትም ከቁፋሮውና ከግንባታው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የብሮድባንድ ግንባታ ወጪ መቀነሻ መመሪያ ውስጥ የሲቪል ሥራው ድርሻ ለአንዳንድ ቴክኖሎጂዎች ከጠቅላላ ወጪው እስከ 80 በመቶ እንደሚገመት ተጠቅሷል። ቁጥሩ የወጪ እንጂ የልቀት አይደለም፤ ሆኖም ወጪውን የሚያንረው ኤክስካቫተር፣ ገልባጭ መኪና፣ አስፋልትና ኮንክሪት ስለሆነ ልቀቱም የሚመጣው ከዚያው ሥራ ነው። ፋይበሩ ራሱ በጣም ጥቂት ቁስ ነው። 125 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ያለው የመስታወት ክር አንድ ኪሎ ሜትር ሲረዝም የመስታወቱ ክብደት 27 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህን 27 ግራም መሬት ውስጥ ለማኖር ነው እንግዲህ ያን ሁሉ አፈር የምናነሣው።

የአፈሩን መጠን በሒሳብ እንየው። ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የተለመደ ቦይ በአንድ ኪሎ ሜትር 240 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። በመቁረጫ ዲስክ የሚሠራው ጠባብ ቦይ (ማይክሮትሬንች የሚባለው) ስፋቱ 2፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚወጣው 6 ሜትር ኩብ ነው፤ ልዩነቱ 40 እጥፍ ነው። ከዚህ ጋር የሚቀነሰው የመኪና ምልልስ፣ ወደ ማስወገጃ ቦታ የሚሄደው ቆሻሻና አዲስ የሚነጠፈው አስፋልት ሲታሰብ፣ ጠባብ ቦይ የሚመችበት ቦታ ላይ ሌላውን መምረጥ ምክንያት የለውም።

የሚመችበት ቦታ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ ጎግል ፋይበር አንዳንድ ቦታ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ባላቸው ቦዮች ገመዱን ቀብሮ ነበር። ማሸጊያው እየተላቀቀ ገመዱ ከአስፋልቱ ላይ ብቅ ይል ጀመር፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራውን አቁሞ ከከተማዋ ወጣ። ጥልቀቱ እጅግ ያነሰ መስመር መንገዱ በታደሰ ቁጥር ከላይኛው አስፋልት ጋር ተፍቆ ይነሣል፤ ያኔ ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ጠባብ ቦይ ስታስቡ መጀመሪያ የመንገዱን ባለቤት የአስፋልቱን ውፍረትና የሚቀጥለውን እድሳት ጊዜ ጠይቁ፤ ቱቦው የሚያርፈው በእድሳት ከሚፋቀው ንጣፍ በታች መሆን አለበት። መቁረጫው የሚያስነሣው አቧራ ሲሊካ ስላለበት ለሠራተኛውም ለአላፊ አግዳሚውም ሳንባ አደገኛ ነው፤ በውኃ ወይም በመምጠጫ መሣሪያ ካልታፈነ አትፍቀዱ። በውኃ ከታፈነ ደግሞ ዝቃጩ ወደ ጎርፍ መውረጃ እንዳይገባ በውሉ ላይ ጻፉ።

ከየትኛውም የቁፋሮ ዘዴ የሚሻለው ግን አለመቆፈር ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነባሩ ኦፕሬተር ቱቦዎቹንና ምሰሶዎቹን ለተወዳዳሪዎቹ እንዲያከራይ አድርጋለች፤ ፋይበሩ እዚያ በፍጥነት ከተዳረሰባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በእናንተ መስመር ላይ ነባር የስልክ፣ የመብራት ወይም የትራፊክ መብራት ቱቦ ካለ ማንሆሉን እየከፈታችሁ ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ማንሆሉ በውኃና በደለል ሞልቶ ሲገኝ «ይህ ቱቦ አልቆለታል» ተብሎ አዲስ ቦይ ይቆፈራል። ውኃው ተመጥጦ፣ ቱቦው በግፊት ውኃ ታጥቦ፣ መፈተሻ ዘንግ ሲገባበት ግን ዘንጉ የሚቆመው አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ይሆናል፤ የቆመበትን ርቀት ለክቶ ያንን ነጥብ ብቻ ከፍቶ መጠገን ይቻላል። አንድ ሜትር ጉድጓድ የአንድ ሙሉ ጎዳና ቁፋሮን ያስቀራል።

ስለ ዛፎችም ጠይቀዋል። በብሪታንያ የመሬት ውስጥ መስመር ዘርጊዎች የሚሠሩበት መመሪያ ለእናንተም ሊያገለግል ይችላል። የግንዱ ዙሪያ ከመሬት በ1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካና በ4 ይባዛል፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ማሽን አይገባም፣ የሚቆፈረው በእጅ ወይም ያለ ቁፋሮ በሚያስተላልፍ ዘዴ ነው። ከግንዱ 1 ሜትር ውስጥ ጨርሶ አይቆፈርም። ዲያሜትሩ ከ25 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሥርም ባለሙያ ሳይጠየቅ አይቆረጥም። ዙሪያው 1.5 ሜትር የሆነ ዛፍ ካለ እንግዲህ በ6 ሜትር ርቀት ውስጥ ኤክስካቫተር አይቀርብም ማለት ነው። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ጉዳቱ ወዲያው አይታይበትም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጫፉ ሲደርቅ ምክንያቱን ከቦዩ ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም፤ ስለዚህ ጥንቃቄው በሥራው ቀን መደረግ አለበት።

መልስ (ከመስመር ቴክኒሻን)

መሐንዲሱ ስለ ቁፋሮው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ በየትኛው ደረጃ መጋራት እንደሚሻል ወደሚለው ልሂድ።

ቱቦውን ብቻ ከተጋራችሁ ቁፋሮው አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ይህ ትልቁ ጥቅም ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ኦፕሬተር የራሱን ገመድ ይስባል፣ የራሱን ካቢኔ ይተክላል፣ ወደ እያንዳንዱ ቤትም የራሱን መስመር ያስገባል። ፋይበሩን ከተጋራችሁ አንድ ገመድና ወደ ቤት የሚገባ አንድ መስመር ይበቃል። ብርሃን የሚያመነጨውን መሣሪያም ከተጋራችሁ የሚቀነሰው ቁስና ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ በምትኩ ኦፕሬተሮቹ የራሳቸውን አገልግሎት በፈለጉት መንገድ የመቅረጽ ነጻነታቸው ይጠብባል። የእኔ ምክር እስከ ፋይበሩ ድረስ የግድ ተጋሩ፣ መሣሪያ መጋራትን ደግሞ ለትናንሽ ኦፕሬተሮች በአማራጭነት አቅርቡ የሚል ነው። የስቶክሆልም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋመችው ስቶካብ የሚሠራው በዚህ በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ መሣሪያ ያልተገጠመለትን ፋይበር ለሁሉም በእኩል ያከራያል፤ ሲቋቋምም ከዓላማዎቹ አንዱ የከተማዋ መንገዶች በየኩባንያው ተደጋግመው እንዳይቆፈሩ ማድረግ ነበር።

የመስመሩ ቅርጽ መጋራትን ሊፈቅድም ሊከለክልም ስለሚችል በዚህ ላይ በጣም አስቡበት። አንዱን ክር ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚያከፋፍለውን ስፕሊተር በየመንገዱ ዳር ባሉ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ካስቀመጣችሁት የፋይበር ብዛት ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንድን ቤት ለይቶ ለሌላ ኦፕሬተር መስጠት አይቻልም። በስዊዘርላንድ ትልቁ ኦፕሬተር ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ክር የሚደርስበትን ቅርጽ ትቶ ስፕሊተሩን ወደ መንገድ ዳር አውጥቶ መገንባት ሲጀምር፣ የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 አግዶታል፤ በዚያ መንገድ የተሠሩ መስመሮችም እንደገና መስተካከል ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ ከመሥራት የበለጠ ብክነት የለም። ስለዚህ ስፕሊተሮቹን አንድ ማዕከላዊ ካቢኔ ውስጥ ሰብስባችሁ፣ ከዚያ እስከ እያንዳንዱ ቤት የተለየ ክር አድርሱ። የሚጨምረው ፋይበር ከላይ እንደተጻፈው በግራም የሚለካ ስለሆነ አያሳስብም።

ገመዱን በተመለከተ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ጋር ዲያሜትሩ 250 ማይክሮሜትር የነበረው ክር አሁን በ200 ማይክሮሜትር ይሠራል፤ በአንድ ክር የሚያዘው የስፋት ቦታ በ36 በመቶ ያንሳል፤ በዚህም ገመዱ ይቀጥናል፣ ቱቦውም ይጠባል። በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ገመዱን በኮምፕረሰር አየር እየነፉ ማስገባት ስለሚቻል ፍላጎት ሲጨምር ሌላ ገመድ ያለ ምንም ቁፋሮ ይገባል። በውስጡ በርካታ ትናንሽ ቱቦዎችን የያዘ ጥቅል ስትቀብሩ ገሚሱን ባዶ ተዉት፤ ባዶ ቱቦ የሚፈጀው ፕላስቲክ አንድ ተጨማሪ ቁፋሮ ከሚፈጀው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያነሣው ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም ካቢኔው ነው። የጋራ መስመር የሚበላሸው ካቢኔው ላይ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ በሕንፃ ውስጥ የሚዘረጋው ፋይበር ለሁሉም ኦፕሬተሮች የጋራ እንዲሆን ደንግጋለች፤ ሐሳቡ እጅግ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ የእያንዳንዱ ኦፕሬተር ንዑስ ተቋራጮች በአንድ ካቢኔ ውስጥ በየተራ እጃቸውን ስለሚያስገቡ የካቢኔዎቹ መዝረክረክ ለዓመታት የተጠቃሚዎችና የተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ራስ ምታት ሆኗል። እኔም ራሴ በሌላ ቦታ ያየሁት ይህንኑ ነው። በሩን ስትከፍቱት ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ የረዘሙ ቢጫ ፓች ኮርዶች (ማገናኛ ገመዶች) ተጠላልፈው ወደ ውጭ ይፈስሳሉ፤ በሩ ስለማይገጥም በገመድ ይታሰራል፤ ዝናብና አቧራ ይገባል። ቴክኒሻኑ በዝርዝሩ ላይ የተሰጠው ፖርት (መሰኪያ ቦታ) ተይዞ ሲያገኘው ጊዜ ስለሌለው የሌላ ድርጅት ደንበኛን ነቅሎ የራሱን ይሰካል። በማግስቱ የተነቀለው ደንበኛ አቤት ይላል፣ ሌላ መኪና ይላካል፣ ያኛው ቴክኒሻን ደግሞ ሌላ ሰው ይነቅላል። እያንዳንዱ ስሕተት የመኪና ጉዞ ነው፤ በዓመታት ውስጥ የሚጠራቀመው የነዳጅ ፍጆታ ማንም በዕቅድ ውስጥ የማያስገባው ነገር ነው።

መድኃኒቱ ካቢኔውን የሚከፍተው የእናንተ ቡድን ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ኦፕሬተሩ ትዕዛዝ ይልካል፣ የእናንተ ሰው በትክክለኛ ርዝመት የተቆረጠ ኮርድ ይሰካል፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ መዝገቡንም እዚያው ያስተካክላል። የአንድ ሰፈር ትዕዛዞችን ሰብስቦ በአንድ ጉዞ መጨረስም የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

መልስ (ከኃይል ባለሙያ)

ሁለቱም ስለ ግንባታው የጻፉት ጠቃሚ ነው። መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ሒሳቡ ወደ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ይህ ደግሞ ለ20 እና ለ30 ዓመት ያለማቋረጥ የሚሄድ ስለሆነ ከግንባታው ባላነሰ ሊታሰብበት ይገባል።

ስፕሊተሩ፣ ገመዱና ካቢኔው በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ኃይል የሚፈጀው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ ማዕከል ላይ ያለው ኦኤልቲ (ለብዙ ቤቶች ብርሃን የሚልከው መሣሪያ) እና ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ኦኤንቲ (ብርሃኑን የሚቀበለው ሣጥን) ከራውተሩ ጋር። የማዕከሉ መሣሪያ አንድ ፖርት ለብዙ ቤት ስለሚያገለግል ፖርቱ ሲሞላ ለአንድ ቤት የሚደርሰው ድርሻ ከአንድ ዋት በታች ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሣጥን ግን በቤቱ ቁጥር ይባዛል። ኦኤንቲው 5 ዋት ብቻ ይወስዳል እንበል፤ ሌሊትና ቀን ስለሚበራ በዓመት 44 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለ10,000 ቤት 438,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ራውተሩ ገና አልተቆጠረም። ከዚህ የተነሣ በማዕከሉ መሣሪያ ላይ ብቻ ስለ ኃይል ቁጠባ የሚደረገው ክርክር ትልቁን ክፍል ይረሳዋል።

መጋራት እዚህም ላይ ይረዳል። ሁለት ኦፕሬተሮች በአንድ ሰፈር የየራሳቸውን ኦኤልቲ ቢያስቀምጡና 32 ቤት በሚችል ፖርት ላይ እያንዳንዳቸው 8 ደንበኛ ብቻ ቢኖራቸው፣ ፖርቱ ያው ኃይል ስለሚፈጅ የአንድ ደንበኛ ድርሻ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ማቀዝቀዣውና ባትሪውም በሁለት በሁለት ይገዛል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ የመሣሪያ መጋራትን አማራጭ ያደረጉበትን ምክንያት ብረዳም፣ ደንበኛ ጥቂት በሆነበት አካባቢ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ የጋራ ኦኤልቲ የግድ ቢሆን እመርጣለሁ። ደንበኛው ሲበዛ የየራሳቸውን ማስገባት ይችላሉ።

በቤት ውስጥ ላለው መሣሪያ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው ኦኤንቲው የኦፕሬተሩ ሳይሆን የመስመሩ፣ ማለትም የእናንተ ንብረት ሆኖ ደንበኛው አቅራቢ ሲቀይር እዚያው እንዲቆይ ነው፤ ይህን ካላደረጋችሁ በእያንዳንዱ ቅያሬ ደህና መሣሪያ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ሁለተኛው ደንበኛው በማይጠቀምበት ሰዓት የመሣሪያውን የብርሃን ማሰራጫ ለአጭር ጊዜ እያጠፋ የሚቆይበት የኃይል ቁጠባ አሠራር በመሣሪያውም በማዕከሉም ላይ መኖሩና በእርግጥ መከፈቱ ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መስፈርቶች ውስጥ ይህ አሠራር ቢኖርም በብዙ ቦታ ተዘግቶ ይገኛል። ሦስተኛው ፍጥነትን ይመለከታል። ጂፖን የሚባለው የፋይበር መሣሪያ ዓይነት ወደ ደንበኛው 2.5 ጊጋቢት በሰከንድ ያህል ያወርዳል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤክስጂኤስ ፖን 10 ጊጋቢት በሁለቱም አቅጣጫ ይሰጣል። ሁለቱ የተለያየ የብርሃን ሞገድ ስለሚጠቀሙ በአንድ ፋይበር ላይ አብረው መሥራት ይችላሉ። እንግዲያውስ ለሁሉም ቤት ከመጀመሪያው ቀን ኃይል የሚበላውን ፈጣን መሣሪያ ማደል አያስፈልግም፤ ለፈለገው ብቻ መስጠትና ሌላውን በጊዜው መቀየር ይቻላል።

ፋይበር ከመዳብ ይልቅ ኃይል ይቆጥባል ስለሚለውም አንድ ነገር ልበል። የስፔኑ ነባር ኦፕሬተር ቴሌፎኒካ በአገሩ የመዳብ መስመሩን እ.ኤ.አ. በ2025 ዘግቶ ጨርሷል፤ ድርጅቱ ፋይበር በኃይል አጠቃቀም 85 በመቶ የተሻለ መሆኑን ይገልጻል። ቁጠባው የተገኘው ግን መዳቡ ስለተዘጋ ነው። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን እስከሠሩ ድረስ አዲሱ መስመር በአሮጌው ፍጆታ ላይ የሚደመር እንጂ የሚቀንስ አይደለም። በእናንተ አካባቢ ነባር የመዳብ መስመር ካለ ከባለቤቱ ጋር የመዝጊያ ቀን ተነጋገሩ፤ የሊፍት የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ የማንቂያ ደወልና መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ የሚጠበቅ ስልክ ያላቸውን ሰዎች አስቀድማችሁ መዝግቡ። የሚወጣው መዳብ ቀልጦ እንደገና ይሠራበታል፤ በእርሳስ የተሸፈነ አሮጌ ገመድ ከተገኘ ግን አያያዙ የተለየ ነው፣ ለአደገኛ ቆሻሻ ፈቃድ ላለው ብቻ ይሰጣል።

መልስ (ከገጠር መስመር ዘርጊ)

ስለ ምሰሶ የተጠየቀው ገና ስላልተመለሰ በአጭሩ ልጨምር።

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቀድሞ ተተክሎ ካለና ሸክሙን መቻሉ ከተሰላ፣ ብረት የሌለበትና ራሱን የሚሸከም ገመድ እዚያ ላይ መስቀል በግንባታው ወቅት የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይታሰብበት። ማዕበል ሲመጣ ይወድቃል፣ ቅርንጫፍ በየዓመቱ ይቆረጥለታል፣ ለጥገናም መኪና ይመላለሳል። አዲስ ምሰሶ መትከል የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ጥቅሙ ይጠፋል፤ ክሬዞት በሚባል የእንጨት መከላከያ ኬሚካል የተነከረ እንጨት አፈርን ይበክላል፣ ሲነቀልም እንደ ማገዶ ሊነድ አይገባውም።

ከመንደር ውጭ ላለው መስመር ከምሰሶም ከመንገድ ቁፋሮም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በማሳ ውስጥ ማሳለፍ። በሰሜን እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ቢ4አርኤን የተባለው የማኅበረሰብ ድርጅት መስመሩን በአመዛኙ በገበሬዎች መሬት ውስጥ ነው የቀበረው፤ ባለ መሬቶቹ ያለ ክፍያ ፈቅደዋል፣ ነዋሪዎቹም በጉልበታቸው ተሳትፈዋል። ለስላሳ አፈር ላይ መሬቱን ሰንጥቆ ቱቦውን እያስገባ የሚሄድ ማረሻ በትራክተር ይሳባል፤ አፈር ወደ ውጭ አይወጣም፣ አስፋልት አይነካም፣ ስንጥቁም ከኋላው ይገጥማል። የሚያስፈልገው መሬቱ በጣም ካልረጠበ ወቅት ላይ መሥራት፣ የማሳ ውኃ መውረጃዎች ያሉበትን ከገበሬው ጠይቆ ማወቅና ከእርሻ ጥልቀት በታች መቅበር ነው። ለማኅበር በጣም የሚስማማ ዘዴ ይመስለኛል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ራሱ አባል ነውና።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከዕቅድ ክፍል)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የመስመሩን ቅርጽና የካቢኔውን ጉዳይ በዚህ ሳምንት ለቦርዱ አቀርባለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። እነዚህን ጥንቃቄዎች ሥራ ተቋራጩ በእርግጥ እንዲፈጽማቸው በውሉ ውስጥ እንዴት ይጻፋሉ? በእጅ መቆፈርም ሆነ አሮጌ ቱቦ ማጽዳት ጊዜ ስለሚፈጅበት በማሽን ማለፍን ይመርጣል ብዬ እሠጋለሁ።

መልስ (ከሲቪል መሐንዲስ)

ሥጋትዎ እውነት ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ከማሳሰቢያ ይልቅ በክፍያ ዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። በእጅ መቆፈርን፣ ነባር ቱቦ መፈተሽና ማጠብን፣ የላይኛውን ለም አፈር ለይቶ ማስቀመጥን፣ የወጣውን አፈር አጣርቶ መልሶ መሙላትን እያንዳንዳቸውን የራሳቸው የሜትር ዋጋ ያላቸው ሥራዎች አድርጋችሁ ዘርዝሯቸው። ዋጋ ያልተሰጠው ጥንቃቄ ለተቋራጩ ኪሳራ ነው፤ ዋጋ ሲሰጠው ግን እንደ ማንኛውም ሥራ ለክቶ ያስከፍልበታል፣ እናንተም ለክታችሁ ትረከባላችሁ። ነባር ቱቦ አጽድቶ ቁፋሮ ላስቀረበት ሜትር የሚከፈለው ከአዲስ ቁፋሮ ያነሰ ሆኖም ለእርሱ የተሻለ ትርፍ የሚያስገኝ እንዲሆን ዋጋውን አስቡበት።

ዛፎቹን በተመለከተ መስመሩ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ዛፍ ተለክቶ ማሽን የማይገባበት ክብ በካርታ ላይ ይሰመር፤ መሬት ላይም በቀለም ምልክት ይደረግበት። ቀለሙ የሌለበትን ክልከላ ኤክስካቫተር ነጂው ሊያውቀው አይችልም።

ሌላው ከመሞላቱ በፊት ቦዩ ክፍት እያለ መስመሩ ያለበት ትክክለኛ ቦታ በካርታ መጋጠሚያ ቁጥሮች (ኮኦርዲኔት) ተለክቶ እንዲመዘገብ ነው። ጥልቀቱ፣ የቱቦዎቹ ብዛትና ቀለም፣ ባዶ የቀሩት የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከሌሎች መስመሮች ያላቸው ርቀት ሁሉ በዲጂታል ካርታ ላይ ይግባ። ከተሞላ በኋላ በግምት የሚሣል ካርታ ከአሥር ዓመት በኋላ ባዶውን ቱቦ ለማግኘት እንደገና መቆፈርን ያስከትላል፤ ብዙ ባዶ ቱቦ ጥቅም ሳይሰጥ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የዚያ ክፍል ካርታ ሳይቀርብና እናንተም ጥቂት ነጥቦችን መርጣችሁ ሳታረጋግጡ የክፍሉ የመጨረሻ ክፍያ እንዳይለቀቅ በውሉ ላይ አስፍሩ፤ ካርታውንም ውኃ፣ መብራትና መንገድ ለሚያስተዳድሩት ሁሉ አድርሱ።